ጀልባ ወደ ውኃ ሲወርድ፦ የአደጋዎች መነሻና መከላከያቸው

(በኮልፌ ቀራንዮ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ኮልፌ ቀራንዮ ሐይቅ የለውም። ከአጠና ተራ ተነሥቶ በዐሥራ ስምንት ማዞሪያ በኩል እስከ አየር ጤና ድረስ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ውኃ ቢኖር፣ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱት ትናንሽ ወንዞችና የክረምቱ ጎርፍ ብቻ ነው። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ራቅ ብሎ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብም የከተማው የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ እንጂ መርከብ የሚመላለስበት ሐይቅ አይደለም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለተሰበሰቡ የሙያ ሰዎች ስለ ጀልባ አወራረድ መናገር ምን ይረባል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ጥያቄ ነው።

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት አገር በመሆኗ በሐይቆቿ ላይ የሚሠራ የብረት ጀልባ ወይም ሞተሩና ላሜራው፣ ውኃ ከመንካቱ በፊት ረጅም መንገድ በየብስ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ወደ ጣና ጉዞ መጀመሯ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ስለሆነም ጀልባን የሚበይደው፣ የሚጭነው፣ የሚያጓጉዘውና የሚያወርደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የውኃ ሰው ሳይሆን የየብስ ሰው ነው። ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይከተላል። ጀልባ ወደ ውኃ ሲወርድ የሚደርሱት አደጋዎች ቢመረመሩ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውኃ ላይ ይታዩ እንጂ የተፀነሱት በየብስ ላይ ነው። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

፩. የክብደት ርክክብ

በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ርክክብ ምን እንደሚመስል አባላት ሁሉ ያውቁታል። አስረካቢው ‹ከእጄ ወጥቷል› ይላል፤ ተረካቢው ደግሞ ‹ገና አልፈረምኩም› ይላል፤ ዕቃ የሚጠፋው በዚያ መካከል ነው። ጀልባ ወደ ውኃ ሲወርድ የሚፈጸመውም እንዲሁ ያለ ርክክብ ነው። በየብስ ላይ ሳለ ክብደቱን የሚሸከመው መሬት ነው፤ ይኸውም በጥቂት ቦታዎች ላይ በተደገፉ እንጨቶች ወይም በተሳቢ መኪና አማካይነት ነው። በውኃ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ አርኪሜደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት እንዳስተማረው፣ ጀልባው ቦታውን ያስለቀቀው ውኃ ክብደት ያህል ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ይሸከመዋል።

ጀልባው ሙሉ በሙሉ በመሬት ላይ ሳለ አደጋ ቢደርስ መንሥኤው ግልጽ ነው። ሙሉ በሙሉ ከተንሳፈፈ በኋላም ጠባዩ ይታወቃል። አስጨናቂው ሰዓት በሁለቱ መካከል ያለው ነው። የኋላ ጫፉ ውኃ ውስጥ ገብቶ መነሣት ሲጀምር የፊት ጫፉ ገና በመሬት ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ከጀልባው ክብደት ከፍተኛ ድርሻ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ድጋፉ ያን ካልቻለ ይሰበራል፤ ወይም የጀልባው አካል ይጎብጣል። ውኃው ጥልቀት ሳይኖረው መንደርደሪያው ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ጀልባው በጫፉ ላይ እንደ ሚዛን ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ ይደፋል። ጀልባ ወደ ውኃ የሚወርድበት ቁልቁል መደብ በዚህ ንግግር ‹መንደርደሪያ› ተብሎ ተጠርቷል።

ከዚህም ሌላ በዚሁ ሰዓት ጀልባው ቀጥ ብሎ የመቆም ችሎታውን በአዲስ ሕግ ይጀምራል። በየብስ ላይ ሳለ እንዳይዘም የሚይዙት ግራና ቀኝ የቆሙት ድጋፎች ናቸው። በውኃ ላይ ግን የሚይዘው የገዛ ቅርጹና የክብደቱ አቀማመጥ ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ከታች ካለ ቢዘምም ይመለሳል፤ ከባዱ ነገር ከላይ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ መዝመም ከጀመረ የሚመልሰው ኃይል አያገኝም። ያን ጉድለት ድጋፎቹ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ይሸሽጉታል። ቆሞ የታየ ሁሉ መቆም የሚችል ይመስላል።

፪. ከጣና እስከ ዓባይ

በኢትዮጵያ የጀልባ አወራረድ ጥንታዊ ትምህርት ቤት የጣና ሐይቅ ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብና ሌሎች የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ፣ ወደ ውኃ ለማውረድ መንደርደሪያም ሆነ ገመድ አይፈልግም። ቀላል ስለሆነ በሰው ጉልበት ይነሣል፤ ታቹ ውኃ ቢገባውም የተሠራበት ደንገል ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ እንደ ብረት አይሰጥምም። ሆኖም አንድ ነገር ይጠይቃል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ያልደረቀ ታንኳ በማለዳ ሲወርድ ከትናንቱ ይልቅ ይከብዳል፤ ዝቅ ብሎም ይንሳፈፋል። ባለታንኳው ይህን የሚያውቀው በቀመር ሳይሆን በትከሻው ነው፤ ሲያነሣው ክብደቱ ይነግረዋል። ስለዚህ የታንኳ ፍተሻ የሚፈጸመው ከማውረዱ በፊት፣ በየብስ ላይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1866) በጣና ዳር ሳሉ፣ ይህንኑ የደንገል ሥራ አሳድገው በእጅ የሚሽከረከሩ መቅዘፊያ መንኰራኵሮች ያሏቸው ትላልቅ ጀልባዎች እንዳሠሩ በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ መዝግቦታል። ንጉሠ ነገሥቱ የእንፋሎት መርከብ አላዩም፤ ነገር ግን አሳቡን ሰምተው በእጃቸው ባለው ዕቃ ሊሞክሩት ተነሡ። ለባለሙያ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። የደንገል ታንኳ ጠባይ የታወቀው ለአንድና ለሁለት ሰው በሚሆን መጠን ነበር። መጠኑ ሲያድግ፣ ወለል ሲነጠፍበትና መንኰራኵር ሲጨመርበት ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በትከሻ መመዘኑም ይቀራል። በትንሹ የሠራው ልማድ በትልቁ እንደማይሠራ የሚታወቀው እንግዲህ በማውረጃው ቀን ነው።

ከዚህ ወደ ዓባይ ቢመጣ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይገኛል። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊና ጄሰን የተባለ ኖርዌያዊ የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ለማለፍ ተስማምተው ነበር። ጄሰን ከካርቱም ተነሥቶ ሽቅብ ሲመጣ ፏፏቴዎቹ ከኢትዮጵያ ወሰን ሳይደርስ አገዱት። ማክሚላን ከላይ ወደ ታች ሊወርድ ጀልባዎቹን ዓባይ ላይ ባወረደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጀልባዎቹ ተሰባበሩ።

ይህ አደጋ በሐይቅና በወንዝ መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳል። በሐይቅ ላይ የወረደ ጀልባ በገመድ ታስሮ በዳር ይቆያል፤ ይንጠባጠብ እንደሆነ፣ ይዝመም እንደሆነ፣ ሞተሩ ይነሣ እንደሆነ ይታያል። በሚፈስ ወንዝ ላይ ግን ማውረዱና ጉዞው አንድ ናቸው፤ ውኃው ጀልባውን ሲረከብ ፋታ አይሰጥም። ‹ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው› የሚለው ተረት ለተረጋጋ ውኃ የተተረተ ሲሆን፣ የዓባይ ውኃ ግን ሳያሳስቅ ይወስዳል። በወንዝ ላይ ጀልባ የሚያወርድ ሰው ፍተሻውን በሙሉ በየብስ ላይ መጨረስ አለበት።

፫. የታላላቅ መርከቦች ምስክርነት

በዓለም የመርከብ ሥራ ታሪክ የተመዘገቡት አደጋዎች ይህንኑ ያጠናክራሉ። ከብዙዎቹ አምስቱ ብቻ ቢጠቀሱ ይበቃል፤ እያንዳንዱ የተለየ መንሥኤ ያሳያልና።

መጀመሪያው መንሥኤ ሰበቃ ነው። በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር የተሠራው ግሬት ኢስተርን በዘመኑ ከነበሩት መርከቦች ሁሉ ይበልጥ ነበር። መሐንዲሱ ኢዛምባርድ ብሩኔል መርከቡን በጎኑ ሊያወርደው ወሰነ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1857 ሙከራው ሲጀመር መርከቡ ጥቂት ተንቀሳቅሶ ቆመ፤ የመጠምጠሚያው እጀታ በድንገት ወደ ኋላ ተሽከርክሮ ሠራተኞችን መታ። መርከቡ በውኃ ላይ የዋለው ብዙ ተደክሞበት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1858 ነበር። ብሩኔል ሥራው በጸጥታ እንዲከናወን ፈልጎ ሳለ ኩባንያው ሳያማክረው በሺህ ለሚቆጠሩ ተመልካቾች ትኬት ሸጦ እንደነበር ተጽፏል። ትእዛዝ መሰማት በሚገባው ስፍራ የሰማው ጫጫታ ነበር።

ሁለተኛው መንሥኤ በመርከቡ ላይ ያለ ሰውና ያልታሰረ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1883 በስኮትላንድ በክላይድ ወንዝ ላይ ዳፍኒ የተባለች መርከብ ስትወርድ፣ ቀሪውን ሥራ ቶሎ ለመጨረስ ሲባል 200 ያህል ሠራተኞች በውስጧ ነበሩ። መርከቧ ውኃ እንደ ነካች ዘመመች፤ ሰውና ዕቃው ወደ ዘመመው ጎን ተንሸራተተ፤ ተገለበጠች። 124 ሰዎች ሞቱ። የምርመራው ውጤት መርከቧ በዚያ ሁኔታዋ ቀጥ ብሎ የመቆም ችሎታዋ እጅግ አነስተኛ እንደነበረ አስታወቀ። እነዚያ ሠራተኞች በሞቱበት ቀን ሥራ ላይ ነበሩ እንጂ ጉዞ ላይ አልነበሩም። ጥቂት የሥራ ቀን ለማትረፍ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ሦስተኛው መንሥኤ የተመልካች አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1898 በለንደን አልቢዮን የተባለው የጦር መርከብ ያለ እንከን ወረደ። ነገር ግን ውኃውን ሲገፋ ያስነሣው ማዕበል በአጠገቡ ሰዎች ተጨናንቀው የቆሙበትን ቀጭን የእንጨት መተላለፊያ ጠራርጎ ወሰደው። ከ30 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ሰጥመው ሞቱ። ሕዝቡ በደስታ ይጮህ ስለነበር የሰጣሚዎቹ ጩኸት ወዲያው አልተሰማም። መርከቡ ደኅና መውረዱ አወራረዱ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

አራተኛው መንሥኤ የክብደት አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 1907 በጣሊያን አገር በሪቫ ትሪጎሶ የወረደችው ፕሪንሲፔሳ ዮላንዳ የላይኛው ክፍሏ ከነዕቃው የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ታችኛውን ክፍል የሚያከብደው የድንጋይ ከሰልና ሚዛን ጠባቂ ክብደት ግን ገና አልተጫነባትም ነበር። ውኃ ላይ እንደ ዋለች ዘመመች፤ በዚያው ቀን በተመልካች ፊት ሰጠመች።

አምስተኛው መንሥኤ የእንቅስቃሴ አለመተካከል ነው። ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2025) በሰሜን ኮሪያ በቾንግጂን ወደብ አንድ አዲስ የጦር መርከብ በጎኑ ሊወርድ ሲል የኋላው ክፍል ቀድሞ ተንሸራተተ፤ የፊቱ ክፍል ግን ከመንደርደሪያው አልተላቀቀም። መርከቡ በጎኑ ተጋደመ። የዚያው አገር የመንግሥት ዜና አገልግሎት ምክንያቱ ልምድ የጎደለው አመራርና የአሠራር ግድየለሽነት መሆኑን ገለጸ። የአገሩ መሪ በቦታው ተገኝተው ነበር።

ከ1857 እስከ 2025 ድረስ 168 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ብረቱ ተለውጧል፣ ማሽኑ ተለውጧል፣ ስሌቱም በኮምፒዩተር ሆኗል። መንሥኤዎቹ ግን አልተለወጡም።

፬. ትንሿ ጀልባና ትልቁ ስሕተት

የማኅበሩ አባላት በሥራቸው የሚያጋጥማቸው ግን ታላቅ መርከብ ሳይሆን፣ ከአንድ እስከ ጥቂት ቶን የሚመዝን፣ በተሳቢ ተጎትቶ በመኪና የሚወርድ ጀልባ ነው። እዚህም ላይ መንሥኤዎቹ የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው ቁልቁለትና ፍሬን ነው። ለተሳቢ የሚሠራ መንደርደሪያ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 በመቶ ቁልቁለት እንዲኖረው ይመከራል። ጀልባውና ተሳቢው በአንድነት 3 ቶን፣ ጎታቹ መኪና 2 ቶን ቢመዝኑ፣ በ15 በመቶ ቁልቁለት ላይ ወደ ውኃው የሚጎትታቸው ኃይል ወደ 740 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን ኃይል የሚይዘው በጎማና በመሬት መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። የብዙ መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። በጀልባ ማውረጃ ላይ ደግሞ ወደ ውኃው የሚጠጉት እነዚያው የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ የውኃ ሽበት በሸፈነው ሲሚንቶ ላይ ይቆማሉ። ሹፌሩ ፍሬኑን ስቦ፣ ልቡ ረግቶ ከጋቢና ይወርዳል፤ ፍሬኑም በትክክል ይዟል፤ ነገር ግን የያዘው ጎማ የሚይዘው መሬት የለውም። መኪናና ጀልባ ተከታትለው ወደ ውኃ የሚገቡት በዚህ ዓይነት ነው።

የኮልፌ የጭነት መኪና ረዳት ግን ይህን ያውቃል። በዳገት ላይ መኪና ሲቆም ፍሬኑን አምኖ አይቀመጥም፤ ወዲያው ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ይከታል። ለጀልባ ማውረጃ የሚያስፈልገው ጥበብ ከዚህ አይርቅም። ታኮው ግን በደረቁ መሬት ላይ ባሉት የፊት ጎማዎች ሥር መግባት አለበት።

ሁለተኛው የማሰሪያው ሰዓት ነው። ጀልባውን ከተሳቢው ጋር ያያያዘው ገመድ ወይም ካቦ መፈታት ያለበት ጀልባው መንሳፈፍ ሲጀምር ነው። ‹ቶሎ ይለቅ› በሚል አሳብ በቁልቁለቱ አናት ላይ ከተፈታ ጀልባው በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ይወድቃል። ጨርሶ ሳይፈታ ከቀረ ደግሞ የኋላው ጫፍ ሲነሣ የፊቱ ተይዞ ይቀርና ውኃ በኋላው ጠርዝ ላይ ዘልሎ ይገባል። ከዚህም በላይ ጀልባው የራሱ የሆነ፣ ዳር ላይ ያለ ሰው የሚይዘው ሌላ ገመድ ከሌለው፣ ተንሳፍፎ ብቻውን ወደ ሐይቁ መሐል ይሄዳል። እርሱን ለመያዝ ዋና ሳይችል ዘሎ የሚገባ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ከጀልባው ይልቅ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው መወተፊያው ነው። ጀልባ በየብስ ላይ ሲቆም የዝናብ ውኃ እንዲወጣለት ከታች ትንሽ ቀዳዳ ይተውለታል፤ ሲወርድ በመወተፊያ መደፈን አለበት። የመርሳቱ ውጤት በስሌት ሊታይ ይችላል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከውኃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝ በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ውኃ ያስገባል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ400 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህም ስድስት ሰዎች እንደ ተሳፈሩ ያህል ነው። ነገር ግን እነዚህ ‹ተሳፋሪዎች› አንድ ቦታ አይቀመጡም። ጀልባው በዘመመበት ጎን ሁሉ ፈሰው ይሰበሰቡና ይበልጥ ያዘምሙታል። ለዚህ ነው ውኃ የገባው ጀልባ ቀስ ብሎ ከመስጠሙ በፊት በድንገት የሚገለበጠው።

አራተኛው የውኃው ወለል ከፍና ዝቅ ማለት ነው። የጣና ሐይቅ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ይሞላል፤ ከበጋው ማብቂያ ላይ ይጎድላል። የውኃው ወለል በ1 ሜትር ቢቀንስ፣ በ15 በመቶ መንደርደሪያ ላይ የውኃው ዳር ወደ 7 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ቁልቁለቱ ለስላሳ በሆነ የተፈጥሮ ዳርቻ ላይ፣ በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወርድበት ቦታ ደግሞ 50 ሜትር ይሸሻል። በመስከረም ወር ተለክቶ የተሠራ መንደርደሪያ በግንቦት ወር ጫፉ በአየር ላይ ይቀራል። በውኃ ተሸፍኖ ሳለ የማይታየው ያ ጫፍ የተሳቢን ጎማ ያስገባና ተሳቢውን ያዘምማል። ስለዚህ ከማውረድ በፊት በረጅም አጠና ጥልቀቱን መለካት፣ ጫፉ የት እንደሆነም ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚበቃው አጠና በአጠና ተራ በርካሽ ይገዛል።

አምስተኛው የውኃው ዓይነትና የቦታው ከፍታ ነው። ጨው ያለው የባሕር ውኃ ከሐይቅ ውኃ በመቶ 2.5 ያህል ይከብዳል። ለባሕር ታስቦ የመጫኛ ልኩ የተሠመረበት ጀልባ በሐይቅ ላይ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተጨማሪ አየር መግፊያ የሌለው ሞተር ከባሕር ዳርቻ ኃይሉ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። በወደብ ከተማ ተፈትኖ ‹ደኅና ነው› የተባለ ጀልባ ጣና ላይ ሲወርድ ሌላ ጀልባ ነው፤ እንደ አዲስ መፈተን አለበት።

፭. እልልታና ትእዛዝ

እስካሁን የተዘረዘሩት መንሥኤዎች በመለኪያና በስሌት የሚገኙ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን በመለኪያ የማይገኘው ነው። ጀልባ ማውረድ በማንኛውም አገር በዓል ነው። እንግዳ ይጠራል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ እልልታ ይሰማል፣ ሰዓትም ይቆረጣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ችግር የሚመጣው የበዓሉ ሰዓት የሥራውን ሰዓት ሲገዛው ነው። የክብር እንግዳው ደርሰዋል ተብሎ ጀልባው ሳይመዘን ሲወርድ፣ ከክብር እንግዳው ጋር ፎቶግራፍ ለመነሣት 40 ሰው 15 ሰው በሚይዝ ጀልባ ላይ ሲወጣ፣ ዳር ላይ የቆመው ሁሉ ትእዛዝ ሰጪ ሲሆን ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ ሊጤን ይገባዋል። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አንድ ረዳት ብቻ ‹ና! ና! በቃ!› ካለ መኪናው ደኅና ይቆማል። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ‹ና›፣ ‹ቁም›፣ ‹ቀኝ ስጥ›፣ ‹ተመለስ› ካለው ግን ሹፌሩ የሚሰማው ከሁሉ የሚበልጠውን ጩኸት እንጂ ትክክለኛውን አይደለም። በጀልባ ማውረጃ ላይ ትእዛዝ ሰጪው አንድ ሰው መሆን አለበት። ‹ቁም› የሚለውን ቃል ግን ማንም ሰው፣ ተለማማጅም ቢሆን፣ ጉድለት ባየ ጊዜ እንዲናገር ሊፈቀድለት፣ ሲናገርም ሥራው ወዲያው ሊቆም ይገባል።

አንድ ወጣት ባለሙያ በዚያ ቀን ‹ይህ ጀልባ ዛሬ አይወርድም› ብሎ ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት ቀላል አይደለም። እንግዶች በወንበር ተቀምጠው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ አለቃው እጁን ሰዓቱ ላይ አድርጎ ሲያይ ያን መናገር ከብየዳና ከስሌት ይበልጥ ይከብዳል። የሙያ ማኅበር አንዱ ጥቅም ለእንዲህ ያለው ሰው ጀርባ መሆን ነው። ያ ወጣት ‹የማኅበሩ ደንብ ይህን ያዝዛል› ለማለት ቢችል፣ ብቻውን የቆመ አይሆንም። ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› ይባላል፤ የፈሰሰው ሰው ሲሆን ግን መልቀም የለም።

፮. አዳዲስ ዳርቻዎች

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። በጣና ዳር የሚኖር ሰው ውኃውን ከአያቱ ተምሯል፤ የትኛው ዳርቻ ድንጋያማ እንደሆነ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ያውቃል። ነገር ግን በኢትዮጵያ አያት የሌላቸው ሐይቆች ተፈጥረዋል። ከቆቃ አንሥቶ በግልገል ጊቤና በተከዜ አልፎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ድረስ በየሸለቆው ውኃ ተኝቷል። ንጋት ሐይቅ የተባለው የሕዳሴው ግድብ ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለመያዝ የታቀደ ነው። በእነዚህ ሐይቆች ዳር ዓሣ አጥማጅ፣ ተሳፋሪና ነጋዴ መምጣቱ የማይቀር ነው፤ ከእነርሱም ጋር ጀልባ ይመጣል።

የኃይል ማመንጫ ግድብ ውኃ ደግሞ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። እንደ ዝናቡና እንደ ኃይል ፍላጎቱ በዓመት ውስጥ በብዙ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። ዛሬ ጀልባ የወረደበት ዳርቻ ከጥቂት ወራት በኋላ ኮረብታ ላይ ይቀራል፤ ወይም በውኃ የተዋጠ የዛፍ ጉቶ ከወለሉ ሥር ይደበቃል። ልማድ በሌለበት ስፍራ ልማዱን መተካት ያለበት የሙያ ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ዋጋው በሰው ሕይወት ይከፈላል።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ሁሉ ለሥራ የሚሆን ደንብ ቢወጣ ረጅም አይሆንም። ጀልባው ከመውረዱ በፊት ይመዘን፤ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይውረድ፤ ያልታሰረ ዕቃ ይታሰር። መወተፊያው መግባቱን አንዱ ሰው አይቶ ለሌላው ይናገር፤ ሁለተኛውም በእጁ ነክቶ ያረጋግጥ። የመንደርደሪያው ጫፍና የውኃው ጥልቀት በዚያው ቀን ይለካ እንጂ ባለፈው ዓመት ልክ አይታመን። የውኃ ሽበት በብሩሽና በአሸዋ ይጸዳ። ታኮ ከፊት ጎማዎች ሥር ይግባ። የዳር ገመዱን አንድ ሰው ይያዝ። በሚወርደው ጀልባ ውስጥ ከሚያስፈልገው ሰው በቀር ማንም አይሳፈር፤ የሚሳፈረውም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ። ተመልካች ከፍ ባለና በጠነከረ መሬት ላይ ይቁም። ትእዛዝ ሰጪው አንድ ይሁን። ጀልባው ከወረደ በኋላ ታስሮ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይቆይ፤ ውስጡም ይታይ። እንግዳው ከዚያ በኋላ ይሳፈር፤ እልልታውም ከዚያ በኋላ ይሁን።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። ሁሉም የሚፈጸሙት በደረቅ መሬት ላይ፣ ጫማ ሳይርስ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ብየዳ ቤት ውስጥ የጀልባውን ላሜራ የሚያጋጥመው እጅ፣ ጀልባው ወደሚወርድበት ሐይቅ ምናልባት በዕድሜው ላይደርስ ይችላል። ነገር ግን ስፌቱ ውኃ ያስገባ ወይም አያስገባ እንደሆነ፣ መወተፊያው በቦታው የሚገጥም ወይም የሚላላ እንደሆነ፣ የሞተሩ መቀመጫ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ እንደሆነ የሚወሰነው በእርሱ እጅ ነው። ያ ሠራተኛ ሥራውን ሲያስረክብ፣ ከመቶዎች ኪሎ ሜትር በኋላ ውኃው ጀልባውን ከመሬት ሲረከብ በዚያ አለ ማለት ነው። ርክክቡ የሚጀመረው ከዚህ ነው።